አንድ ስልክ፣ ስድሳ ተማሪ፦ ዲጂታል መሣሪያ መማርን የሚያግዘው መቼ ነው?

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፊት ለፊታችን በብረት ሣጥን የተቆለፈ ትልቅ ስክሪን ነበር። ፕላዝማ እንለው ነበር፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ ሲያወራ እስከ ዛሬ ቀድሞ የሚያነሣው እሱን ነው። ደወል ሲደወል መምህራችን ገብተው የዕለቱን ርዕስ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ ሣጥኑን ይከፍታሉ፣ ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላሉ። ከሳተላይት የሚመጣው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይንቆረቆራል። ስክሪኑ ላይ ያለችው አስተማሪ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች፣ መልሱን ራሷ ትናገራለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ አልፏል። መምህራችን እጃቸውን አጣጥፈው ከእኛ ጋር ያያሉ፤ ማቆም አይችሉም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ጠፋ ማለት ነው፤ ሥርጭቱ እኛን አይጠብቅም።

ሥርጭቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ብቁ መምህር ለሁሉም ትምህርት ቤት ማዳረስ ካልተቻለ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ለአዲስ አበባውም ለክፍለ ሀገሩም ልጅ እኩል ይድረስ። ልፋቱን ማቃለል አልፈልግም። የኬሚስትሪ ሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያ ስክሪን ላይ ነው፤ እኛ ጋ ቤተ ሙከራ የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ያለበት ክፍል ውስጥ የተሰባበረ ወንበር ነበር የተከማቸው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ለዓመታት ካስተማርኩ በኋላ ስም ያገኘሁለት ይመስለኛል፦ ማቆሚያ። ዛሬም አዲስ መተግበሪያ፣ አዲስ ታብሌት፣ አዲስ ፕሮጀክተር መጣ ሲባል ቀድሜ የምጠይቀው ይኸንኑ ነው። መምህሩ ሊያቆመው ይችላል? ካቆመው በኋላስ ማን ነው የሚናገረው?

መሣሪያው በማን ቦታ ተቀመጠ?

ይህ ጥያቄ የእኔ የግል ቅሬታ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ሁለት ጥናቶች ከሕንድ ጉጃራት ግዛት አሉ። በቫዶዳራ ከተማ የአራተኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ለሁለት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ የሂሳብ ጨዋታ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ኮምፒውተሩ ለሁለት ልጅ አንድ ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን ከአዘጋጆቹ መካከል ከዓመታት በኋላ በ2019 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት አቢጂት ባነርጂና አስቴር ዱፍሎ ይገኙበታል። የልጆቹ የሂሳብ ውጤት በግልጽ ከፍ አለ። ፕሮግራሙ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ ከጥቅሙ አብዛኛው መክሰሙን አጥኚዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል፤ ይህም መዘንጋት የለበትም።

በዚያው ግዛት ጊያን ሻላ በሚባሉ ትምህርት ቤቶች የተሞከረው ግን ሁለት መልክ ነበረው። በአንደኛው ኮምፒውተሩ በትምህርት ሰዓት ገብቶ የመምህሩን ማስተማር ተካ። በሁለተኛው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተጨማሪ መለማመጃ ሆነ። ሶፍትዌሩ ያው ነው። መምህሩን በተካበት ቦታ ልጆቹ ኮምፒውተር ካላዩት እኩዮቻቸው ያነሰ ተማሩ፤ ተጨማሪ በሆነበት ቦታ መጠነኛ መሻሻል ታየ። መምህሩ ደካማ ነው ተብሎ ማሽን በቦታው ማስቀመጥ የሚያስከትለው ጉዳት አለ ማለት ነው።

ፔሩ ደግሞ ትልቁን ሙከራ አድርጋለች። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚባለው ዓለም አቀፍ ዘመቻ ወደ እኛም አገር ጥቂት ሺህ ላፕቶፖች አምጥቶ ነበር፤ በፔሩ ግን በመቶ ሺዎች ተሠራጨ። በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው ግምገማ በሂሳብና በቋንቋ ፈተና ላይ ልዩነት አላገኘም። ልጆቹ ላፕቶፕ መጠቀሙን ተማሩ። ክፍል ውስጥ የሚሆነው ነገር ግን እንደ ድሮው ቀጠለ።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው የቦትስዋናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ትምህርት ቤት ሲዘጋ አጥኚዎች የሂሳብ ጥያቄዎችን በተራ የጽሑፍ መልእክት ወደ ወላጆች ስልክ ላኩ። ለከፊሎቹ ቤተሰቦች ከመልእክቱ በተጨማሪ በሳምንት አንድ ጊዜ መምህር እየደወለ ከልጁና ከወላጁ ጋር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አብሮ ይሠራ ነበር። መልእክቱ ብቻውን በአማካይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ጥሪው የተጨመረላቸው ልጆች ተሻሻሉ። የተጠቀሙበት ስልክ ስማርት ስልክ መሆን እንኳ አላስፈለገውም። ልዩነቱን ያመጣው ልጁ «እንዴት አገኘኸው?» ተብሎ መጠየቁና በአፉ ማስረዳቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዝምታው ውስጥ የሚሆነው

ኤሪክ ማዙር ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራሉ። ተማሪዎቻቸው የሚወዷቸው፣ ጥሩ የሚያስረዱ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ስሌት የማይጠይቁ፣ በተራ ቃል የተጻፉ ጥያቄዎች ያሉበትን ፈተና ለክፍላቸው ሰጡ። አንዲት ተማሪ መልሱን እሳቸው ባስተማሩት መንገድ ትጻፍ ወይስ እሷ በተለምዶ በምታስብበት መንገድ ብላ ጠየቀቻቸው። ይህን ጥያቄ ማንም መምህር ሲሰማው መደንገጥ አለበት። ልጅቷ የተማረችው ፊዚክስና የምታምነው ፊዚክስ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ከባድ ስሌት በቀመር የሚሠሩት ተማሪዎችም ቀላል በሚመስሉት ጥያቄዎች ተሰናከሉ።

ማዙር በሚቀጥለው ዓመት አካሄዳቸውን ለወጡ። ትንሽ ያስረዳሉ፣ ያቆማሉ፣ አንድ ጥያቄ ያሳያሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ለብቻው ያስባል፤ መልሱን በድምፅ መስጫ ያሳውቃል። ከዚያ ከእሱ የተለየ መልስ የመረጠ ጎረቤት ፈልጎ ይከራከራል። እንደገና ድምፅ ይሰጣል። መምህሩ የሚያብራሩት በመጨረሻ ነው። በዚያው ፈተና ሲለካ ተማሪዎቹ ያሳዩት ዕድገት ከቀድሞው ወደ እጥፍ ተጠጋ።

በእኛ ክፍል ይህን ስሞክር የተጠቀምኩበት ጥያቄ ይህ ነው። ድንጋይ የጫነ ገልባጭ መኪና ከቆመ ባጃጅ ጋር ተጋጨ። በግጭቱ ቅጽበት ትልቁን ኃይል ያሳረፈው የትኛው ነው? ሀ. ገልባጩ በባጃጁ ላይ፤ ለ. ባጃጁ በገልባጩ ላይ፤ ሐ. ሁለቱ እኩል ናቸው፤ መ. ባጃጁ ቆሞ ስለነበር ምንም ኃይል አላሳረፈም።

የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ ንገሩኝ ብትሏቸው ስድሳዎቹም በእንግሊዝኛ በአንድ ድምፅ ይወጡታል፤ ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ ምላሽ አለው። ባጃጁ ሲመጣ ግን አብዛኛው ክፍል «ሀ» ይላል። ትክክለኛው «ሐ» ነው። ይህን ዝም ብዬ ብነግራቸው ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል፤ አያምኑትም። እርስ በርስ ሲነጋገሩ ግን አንዱ «እኩል ከሆነ ባጃጁ ብቻ ለምን ተጨፈለቀ?» ይላል፣ ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ሌላዋ ትንሽ ታስብና «ኃይሉ እኩል ሆኖ ባጃጁ ቀላል ስለሆነ ነዋ የተወረወረው» ትላለች። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር የኒውተን ሁለተኛ ሕግ፣ እኩል ኃይል ቀላሉን አካል የበለጠ ያፈጥነዋል የሚለው፣ ከሦስተኛው ጋር ተገናኘ። እኔ እንደዚያ አሳጥሬ አስረድቼው አላውቅም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጥርጣሬ አለ፦ ጎበዙ ለሰነፉ መልስ አቀበለው እንጂ ምን ተማሩ? ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ውስጥ በዘረመል ትምህርት ክፍል ይህን ለይቶ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ። ተማሪዎቹ ከተወያዩ በኋላ ያንኑ ሐሳብ የሚፈትን ሌላ ጥያቄ ለየብቻቸው ተሰጣቸው። ከውይይቱ በፊት በቡድኑ ውስጥ ትክክለኛውን መልስ የሚያውቅ አንድም ሰው ያልነበረ በሚመስልባቸው ቡድኖች ጭምር መሻሻል ታየ። መልስ መቀባበል ብቻ ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር።

የመጀመሪያዋ የዝምታ ደቂቃ እንዳትዘለል። ወዲያው «ተወያዩ» ከተባለ ፈጣኑ ይናገራል፣ ሌላው ይስማማል። መጀመሪያ ለብቻው የመረጠ ልጅ የሚከራከርለት ነገር ይኖረዋል። ሌላው የማዙር ልምድ ደግሞ ቁጥር ነው፦ በመጀመሪያው ድምፅ በትክክል የመለሱት ከመቶ 30 ካልሞሉ ውይይቱ በጨለማ መዳበስ ስለሚሆን እንደገና ማስረዳት፣ ከ70 በላይ ከሆኑ ባጭሩ አብራርቶ ማለፍ፣ በመካከሉ ከሆነ ማወያየት። ሕግ አይደለም፤ ግን አንድ መምህር ፊቱ ካለው ክፍል ጋር እንዲሄድ ያደርገዋል።

ድምፅ መስጫው

ማዙር ጋ ተማሪዎች ቁልፍ ያላት ትንሽ መሣሪያ ይይዛሉ። እኛ ጋ ስድሳ ተማሪ፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት፣ ስልክ ደግሞ በብዙ ትምህርት ቤቶች የተከለከለ ነው። ክልከላውን አልቃወምም፤ ልጁ እጅ ላይ ያለ ስልክ ከትምህርቱ ይልቅ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚወስደው ሁላችንም እናውቃለን። መልካሙ ነገር ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የመምህሩ አንድ ስልክ መሆኑ ነው።

ፕሊከርስ የሚባል መተግበሪያ አለ። እያንዳንዱ ተማሪ ወረቀት ላይ የታተመ ጥቁርና ነጭ ምልክት ይይዛል፤ ባንክ ውስጥ የምናየውን የክፍያ ኮድ ይመስላል፣ የአንዱ ከአንዱ ይለያል። ወረቀቱ አራት ጎን አለው፣ አራቱ ጎኖች አራቱ ምርጫዎች ናቸው። ተማሪው የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አድርጎ ያነሣል፤ መምህሩ የስልኩን ካሜራ በክፍሉ ላይ ቀስ ብሎ ያዞራል፤ ማን ምን እንደመለሰ ስልኩ ላይ ይመዘገባል። ፊደሎቹ በጣም ደቃቅ ስለሆኑ ጎረቤት የጎረቤቱን መልስ ማየት ይቸግረዋል። አፍራ እጇን የማታነሣው ልጅም ሳይታወቅባት ትመልሳለች፤ ለእኔ የመሣሪያው ትልቁ ስጦታ ይህ ነው።

መተግበሪያው ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ኔትወርክ በማይያዝበት ቀን ጣት በቂ ነው። «ሀ» አንድ ጣት፣ «ለ» ሁለት፣ «ሐ» ሦስት፣ «መ» አራት፤ ደረት ላይ ተጠግቶ፣ ዓይን ተጨፍኖ፣ ሦስት ሲባል በአንድ ላይ። ጣቱ የጎደለው መዝገቡ ነው፤ ማን ከሳምንት ሳምንት እየተደናገረ እንደሚሄድ ስልኩ ያስታውሳል፣ እኔ አላስታውስም።

ስሙን ያስጻፈው ልጅ

ስለ ትብብር ሲነሣ አንባቢው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። አንድ ለአምስት። አንድ ጎበዝ ተማሪ መሪ ይሆናል፣ ሌሎቹ አምስት በሥሩ ይመደባሉ። የቡድን አሳይመንት ይሰጣል፤ ጎበዙ ሌሊት ቁጭ ብሎ ይሠራል፣ ጽሑፏ የሚያምረው ትገለብጣለች፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ። ማርኩ ለሁሉም እኩል ነው። እኔም ስሙን ያስጻፈው ልጅ ሆኜ አውቃለሁ፤ በሌላ ዓመት ደግሞ ሌሊቱን የተቀመጠው ሆኛለሁ። ሁለቱም ልጆች ከዚያ የሚማሩት ትንሽ ነው።

ሌላ የመማር መንገድ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። በየቤተ ክህነቱ የአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ፊደል ያስቆጥራል፣ ዳዊት ያስደግማል፤ የኔታ በመጨረሻ እያንዳንዱን ለብቻው ያዳምጣሉ። ታናሹ ካልቻለ በሌላው ስም ማለፍ የለም። አብሮ ማጥናትና ለየብቻ መጠየቅ፣ ሁለቱ ተነጣጥለው አያውቁም።

የትብብር ትምህርትን ለረጅም ጊዜ ያጠኑት አሜሪካዊው ሮበርት ስላቪን የደረሱበትም ከዚህ አይርቅም። የቡድን ሥራ ውጤት የሚያመጣው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፦ ቡድኑ የጋራ ግብ ሲኖረው፣ የቡድኑ ስኬት ደግሞ እያንዳንዱ አባል በግሉ በተማረው ላይ ሲመሠረት። የእኛ አሳይመንት የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ጣለው።

ሁለተኛውን የሚመልስ አንድ ጥሩ ዘዴ በ1971 እ.ኤ.አ. ኦስቲን ቴክሳስ ውስጥ ተፈጠረ። ጥቁር፣ ነጭና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ልጆች ከመለያየት ወጥተው በአንድ ክፍል መማር ጀምረው ነበር፤ ጠቡም በርትቶ ነበር። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሊየት አሮንሰን ትምህርቱን እንደ ተቆራረጠ ሥዕል ከፋፈሉት፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ብቻ ይይዛል፣ ሥዕሉ የሚሞላው ሁሉም ሲናገር ነው። የናቁትን ልጅ ካላዳመጡት የፈተናው አንድ ክፍል ይጎድላቸዋል።

የባዮሎጂ መምህር ባልደረባዬ ወባን በዚህ መንገድ ታስተምራለች። አራት ቁራጭ፦ ተሸካሚዋ አኖፊለስ ትንኝ፣ ፕላስሞዲየም የሚባለው ተውሳክ በጉበትና በቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚያደርገው፣ ምልክቱና ሕክምናው፣ መከላከያው። እያንዳንዷ የአራት ልጆች ቡድን አንድ አንድ ትካፈላለች። ከዚያ «ትንኝ» የደረሳቸው ሁሉ ከየቡድናቸው ተነሥተው አንድ ጥግ ይሰበሰባሉ፣ «ተውሳክ» የደረሳቸው ሌላ ጥግ። ሕዝቡ ስለሚበዛ ጥጉን ለሁለት ለሦስት ትከፍለዋለች። ስልኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ጥግ ሁለት ሁለት ደቂቃ የሚሆን የራሷን ድምፅ ቀድታ፣ ከቢሮ በተዋሰቻቸው ስልኮችና በአንድ ትንሽ ስፒከር ላይ አስቀምጣለታለች። ያዳምጣሉ፣ ያቆማሉ፣ መልሰው ያዳምጣሉ፣ ይጽፋሉ። ከዚያ ወደየቡድናቸው ተመልሰው ያስተምራሉ። በመጨረሻ አምስት ደቂቃ የቀረው ላይ እያንዳንዱ ለብቻው አጭር ፈተና ይፈተናል፣ ስለ አራቱም። ክፍሉ ይጮኻል። ርእሰ መምህር በመስኮት ቢያልፉ ሥርዓት የጠፋ ይመስላቸዋል፤ አስቀድሞ መንገር ደግ ነው።

ኢንተርኔት ላለው ትምህርት ቤት የጋራ ሰነድ፣ ለምሳሌ ጉግል ዶክስ፣ ስም ማስጻፍን ያስቸግራል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ጽሑፍ ላይ ይጽፋል፤ የለውጥ ታሪኩ ሲከፈት ማን የትኛውን መስመር መቼ እንደጻፈ በየቀለሙ ይታያል። እኔ ይህን ታሪክ የማየው ለመቅጣት ሳይሆን ለመጠየቅ ነው፤ «ይህን አንቀጽ ለምን ሰረዝከው?» የሚለው ጥያቄ ከማርክ የበለጠ ያስተምራል። ኢንተርኔት ከሌለ ለእያንዳንዱ የቡድኑ ልጅ የተለየ ቀለም ያለው እስክሪብቶ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

አንድ ማሽን ለሁለት

ኮምፒውተር አነሰን የሚለውን ሮሮ ብዙ እሰማለሁ። ልክ ነው፣ አንሷል። ግን የቫዶዳራ ልጆች ሁለት ለአንድ ሆነው እንደነበር አስታውሱ፤ ሁለት ልጅ አንድ ስክሪን ላይ ሲቀመጥ ማሰብ ድምፅ ያወጣል።

ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር፣ የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመሩት ፌት የሚባል ፕሮጀክት አለው። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የሂሳብና የባዮሎጂ ምናባዊ ሙከራዎችን በነፃ ያቀርባል። አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ በፍላሽ ከማሽን ወደ ማሽን ይሄዳሉ። የኤሌክትሪክ ዑደቱን እንውሰድ። ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያ ተሰጥቷል፤ ልጁ እየጎተተ ያገናኛል። ቢያቃጥልም የሚከፈል ንብረት የለም።

ሁለቱን ልጆች ዝም ብሎ ማስቀመጥ ግን አይበቃም፤ አንዱ ማውስ ይዞ ሌላው ተመልካች ሆኖ ይቀራል፣ ብዙ ጊዜ ተመልካቿ ሴት ልጅ ናት። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ ማውስ የያዘው የራሱን ሐሳብ መሥራት አይችልም፣ የሚሠራው ጓደኛው የነገረውን ብቻ ነው። ማብሪያውን ከመጫናቸው በፊት ሁለቱም የሚሆነውን በየደብተራቸው ይተነብያሉ። በየአምስት ደቂቃው ቦታ ይቀያየራሉ። ትንቢቱ ካልተጻፈ ልጁ ያየውን ሁሉ «አውቄው ነበር» ይላል።

ኢንተርኔት በሌለበት ሌላም መንገድ አለ። ኮሊብሪ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር፣ ራስበሪ ፓይ በሚባል መዳፍ በምታክል ኮምፒውተር ወይም በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ በግቢው ውስጥ ብቻ የሚሠራ ዋይፋይ ሲያገኝ፣ ቪዲዮና መልመጃ ለክፍሉ ያድላል። ኪዊክስ ደግሞ ሙሉ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። እነዚህን ባጭሩ የማልፋቸው ስለማይጠቅሙ አይደለም፤ መጫኑ የአንድ ቀን ሥራ ስለሆነ ነው። አድካሚው ከቪዲዮው በፊትና በኋላ ተማሪዎቹ ምን እንደሚያደርጉ መወሰኑ ነው።

ቴሌግራም

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በከተማ ያለን መምህራን ወደ ቴሌግራም ሮጥን። ፒዲኤፍ ላክን፤ በላዩ ላይ ሌላ ፒዲኤፍ ላክን። ያ ልማድ ዛሬም አለ። የክፍሉ ግሩፕ የወረቀት መጋዘን ሆኖ፣ ልጆቹ «እሺ ቲቸር» ብቻ ይጽፉበታል።

ያው ግሩፕ ሌላ ነገር መሆን ይችላል። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ቴሌግራም ትክክለኛ መልስ ያለው የጥያቄ ዓይነት አለው፤ መላሹ ማን እንደሆነ እንዳይታይ ማድረግም ይቻላል። ማታ አንዲት ጥያቄ እልካለሁ፣ ጠዋት ከስንቱ ስንቱ እንደሳተ አይቼ ክፍል እገባለሁ። ከዚህም የበለጠ የምወደው የድምፅ መልእክቱ ነው። «ባጃጁ ለምን እንደተጨፈለቀ በአንድ ደቂቃ ለታናሽ እህትህ እንደምታስረዳት አስረዳ፤ በፈለግከው ቋንቋ።»

በፈለግከው ቋንቋ የምለው አውቄ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ዝም ሲል ፊዚክሱ ይሁን እንግሊዝኛው ያልገባው አይታወቅም። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ካስረዳ ሐሳቡ እንደገባው አወቅን፤ የቀረው ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር ነው፣ ያ ደግሞ በሁለተኛው ዙር ይመጣል። ፕላዝማው ይህን ድልድይ ሊሠራልን አልቻለም፤ ዴስክ ላይ ከጎናችን የተቀመጠው ልጅ ግን ይችል ነበር።

ግሩፕ የሚከፍት መምህር ግን አንድ ግዴታ አለበት። ተማሪዎቹ ስልክ ቁጥራቸውን ማንም እንዳያየው ቅንብሩ ውስጥ እንዲዘጉ አብሮ ተቀምጦ ማሳየት። ከክፍል ግሩፕ በተወሰደ ቁጥር ሌሊት ስልክ እየተደወለላት የተቸገረች ተማሪ አውቃለሁ፤ ሁለተኛ ግሩፕ አልገባም ብላ ከትምህርቱ ራቀች። ስልክ የሌለው ልጅም እንዳይጎዳ፣ ማታ የተላከው ነገር ማርክ የሌለውና ጠዋት ሰሌዳ ላይ የሚደገም መሆን አለበት። ብዙ ቤት ውስጥ ስልኩ የአባት ነው፤ ተራውም ቀድሞ የወንዱ ልጅ ነው።

አሁን ደግሞ ተማሪው አሳይመንቱን ፎቶ አንሥቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይልካል፣ ተሠርቶ ይመጣለታል። ስም የማስጻፉ ታሪክ ነው በአዲስ መልክ የመጣው፤ ጎበዙ ልጅ ማሽን ሆነ። መድኃኒቱም የየኔታ ነው፦ ጠርቶ ለብቻው መጠየቅ። ስድሳውን በአንድ ቀን መጠየቅ አይቻልም፤ በዕጣ በየቀኑ ሦስት ከሆነ ግን በወር ሁሉም ይዳረሳል፣ ማን እንደሚጠራ ስለማይታወቅም ሁሉም ይዘጋጃል።

እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከድሮዎቹ ስክሪኖች አንዱ አልሞተም ነበር። ላፕቶፕ የሚያገናኝ ገመድ ተገኘለት። ባለፈው ዓመት አንድ ባትሪና ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎች በተከታታይ የተገናኙበትን የፌት ሙከራ በላዩ ላይ አሳየሁ። ማብሪያውን ከመጫኔ በፊት አቆምኩና የትኛው አምፖል የበለጠ እንደሚበራ ጠየቅኩ። ግማሹ ለባትሪው የቀረበው ነው አለ፤ ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ እሱ ጋ ስለሚደርስ። ሌላው እኩል ነው አለ። ክርክሩ ጦፎ ሳለ ደወል ተደወለ፤ ማብሪያውን ሳልጫን ስክሪኑን አጥፍቼ ወጣሁ። በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ሦስት ልጆች ከመጨረሻው ዴስክ ላይ ተደፍተው አገኘኋቸው፤ ከሁለት አሮጌ የእጅ ባትሪዎች የፈቷቸውን አምፖሎችና ሁለት የባትሪ ድንጋይ በሽቦና በፕላስተር አያይዘው፣ ሌላው ክፍል በላያቸው ቆሞ ያያል።